አልበርት ሃይም፦ የተራራን ናዳ ያጠናው የሥነ ምድር ሊቅ ሕይወትና ትምህርት

መግቢያ

ድንጋይ ከተራራ ላይ ለምን ይወርዳል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ቀላል ይመስላል፤ የመሬት ስበት ይጎትተዋል። ይሁን እንጂ ስበት በተራራው ላይ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ሲጎትት፣ አብዛኛው ዐለት ለብዙ ሺህ ዓመታት በቦታው ጸንቶ ይኖራል። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። እስከ ትናንት ጸንቶ የቆመው ዐለት ዛሬ በምን ምክንያት ተላቀቀ? ከተላቀቀስ በኋላ እስከ የት ይደርሳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከመውደቁ በፊት የሚያሳየውን ምልክት ከሥሩ የሚኖሩ ሰዎች ሊያነብቡት ይችላሉን?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአንድነት ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ከመረመሩ ሰዎች መካከል ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ አልበርት ሃይም ግንባር ቀደም ነው። ሃይም በዘመኑ ስለ ተራሮች አፈጣጠር በጻፋቸው ሥራዎች ይበልጥ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ግን በናዳ አደጋ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስሙን የሚያነሡት በተለይ በ1881 ስለ ደረሰው የኤልም ናዳ ባደረገው ጥናትና በ83 ዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሃይምን ሕይወት በአጭሩ እየተከተለ፣ ስለሚናድ ተራራ የደረሰበትን ግንዛቤ ያቀርባል። ዓመታቱ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

አልበርት ሃይም ኤፕሪል 12 ቀን 1849 በዙሪክ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የአልፕስ ተራሮች ቅርጽ ይማርከው ነበር። ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ቶዲ የተባለውን ተራራና አካባቢውን ከፍታና ዝቅታውን ጠብቆ የሚያሳይ ቅርጽ በእጁ ሠራ። ይህ ሥራ በዙሪክ የሥነ ምድር መምህር በነበረው በአርኖልድ ኤሸር ፎን ደር ሊንት ዐይን ገባ። ኤሸር ወጣቱን አቅርቦ እያበረታታ፣ ተራራን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእግር እየዞረ እንዲያነብብ አስተማረው።

ሃይም በዙሪክና በበርሊን ከተማረ በኋላ በ1873፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የሥነ ምድር ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1875 ደግሞ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ መንበር ያዘ። በዚያው ዓመት ማሪ ፎግትሊንን አገባ። ማሪ ከስዊዘርላንድ ሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ ሐኪም ስትሆን፣ በዙሪክ የሴቶች ሆስፒታልና የነርሶች ማሠልጠኛ በመመሥረት ትታወቃለች። ከልጆቻቸው አንዱ የሆነው አርኖልድ ሃይምም የአባቱን ሙያ ተከትሎ ታዋቂ የሥነ ምድር ተመራማሪ ሆኗል።

የሃይም ዋና መሣሪያ ዐይኑና እርሳሱ ነበሩ። ተራራን ከቆመበት ሆኖ በዝርዝር ይሥላል፤ እያንዳንዱን ንብርብር፣ እያንዳንዱን ስንጥቅና እጥፋት ይመዘግባል። በዚህ ልማድ በመመሥረት በ1878 የተራሮችን አፈጣጠር የሚመለከት ሰፊ ሥራ አሳተመ። በጥልቀት የተቀበረ ዐለት ከላዩ ባለው ክብደት ምክንያት ከየአቅጣጫው እኩል ወደ መሆን የሚቀርብ ጫና እንደሚደርስበት ያቀረበው ሐሳብም በዋሻና በማዕድን ምሕንድስና እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከገደል መውደቅ

በ1871 ሃይም በሳንቲስ ተራራ ላይ ሲጓዝ ከገደል ወደቀ። የወደቀበት ርቀት ወደ 20 ሜትር ይጠጋል፤ ያረፈው በበረዶ ጠርዝ ላይ በመሆኑ ሕይወቱ ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አደጋ እንደ አስፈሪ ትዝታ ይዞት ይኖር ይሆናል። ሃይም ግን የምርምር ጥያቄ አደረገው። ከተራራ የወደቁ ተጓዦችን፣ ከጣሪያና ከሕንፃ መደገፊያ የወደቁ ሠራተኞችን፣ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ለብዙ ዓመታት እየጠየቀ ምስክርነታቸውን ሰበሰበ። ውጤቱን በ1892 በስዊዘርላንድ የአልፕስ ክበብ የዓመት መጽሐፍ አሳተመ። ከምስክሮቹ ብዙዎቹ በሚወድቁበት ቅጽበት ሕመምም ሆነ ከባድ ድንጋጤ እንዳልተሰማቸው፣ ሐሳባቸው ግን ከወትሮው እጅግ ፈጥኖና ጠርቶ እንደ ነበር ተናግረው ነበር። ሃይም ይህን ጥናት ያቀረበው በተራራ ላይ የሞቱ ሰዎችን ቤተሰቦች ለማጽናናት ጭምር ነው።

ይህ ሥራ ከናዳ ጥናቱ የራቀ ቢመስልም አካሄዱ አንድ ነው። ሃይም መውደቅን የሚመረምረው የዐይን ምስክሮችን በጥንቃቄ በመጠየቅ፣ የሚለያየውን ቃላቸውን በማነጻጸርና ከመሬቱ ከሚታየው ማስረጃ ጋር በማመዛዘን ነበር። በኤልም መንደር ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ዐለት እንዴት ይላቀቃል

በተዳፋት ላይ ያለን ዐለት በቦታው የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የዐለቱ ክፍሎች እርስ በርስ የተያያዙበት ትስስርና በሚነካኩበት ገጽ ላይ የሚፈጠረው ሰበቃ። ዐለት ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ አካል ይመስላል እንጂ በውስጡ በንብርብሮች፣ በስንጥቆችና በጥንታዊ ስብራቶች የተከፋፈለ ነው። ተራራ የሚጸናውም ሆነ የሚናደው በዋናነት በእነዚህ መለያያ ገጾች አቀማመጥ ነው። ገጾቹ ወደ ሸለቆው ያዘነበሉ ከሆነ የላይኛው ንብርብር በታችኛው ላይ ለመንሸራተት ዝግጁ ነው፤ ወደ ተራራው ውስጥ ያዘነበሉ ከሆነ ደግሞ ዐለቱ ለመውደቅ ንብርብሮቹን አቋርጦ መሰበር ይኖርበታል።

ይህን ሚዛን የሚያዛቡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የስንጥቁን ግድግዳዎች ይገፋል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ወደ ጥልቀቱ ይወርዳልና በሚቀጥለው ብርድ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል። በረዶ በማይጥልበት አገርም ቢሆን የዝናብ ውሃ በስንጥቅ ውስጥ ሲጠራቀም በሚፈጥረው ግፊት የዐለቱን ክብደት በከፊል ስለሚሸከም ሰበቃውን ያሳንሳል፤ የሸክላ ንብርብርን ካገኘም ያለሰልሰዋል። የዛፍ ሥር ስንጥቅን ያሰፋል። የምድር መንቀጥቀጥ የተዳከመውን ትስስር በአንድ ጊዜ ይበጥሳል። ወንዝ፣ የበረዶ ግግር ወይም የሰው እጅ የተዳፋቱን እግር ሲቆርጥ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ድጋፉን ያጣል።

ከእነዚህ ምክንያቶች ብዙዎቹ በአንድነት የሠሩበት ምሳሌ ለስዊዘርላንድ ሰዎች እንግዳ አልነበረም። ሃይም ከመወለዱ 43 ዓመት አስቀድሞ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1806፣ ከሮስበርግ ተራራ የተላቀቀ ወደ 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ዐለት የጎልዳውን መንደር ቀብሮ 457 ሰዎችን ገድሏል። በዚያ ስፍራ ከጠጠር የተጣበቀ ከባድ ዐለት ወደ ሸለቆው ባዘነበለ ለስላሳ ንብርብር ላይ ተኝቶ ነበር። ብዙ ዝናብ የዘነበባቸው ዓመታት ያንን ንብርብር አራሱት፤ ከላይ ያለውም ተንሸራቶ ወረደ። በኤልም የሆነው ግን በአንድ ነገር ይለያል። በዚያ የተዳፋቱን እግር የቆረጠው ሰው ነበር።

የኤልም ናዳ

ኤልም በግላሩስ ካንቶን፣ በሰርንፍ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ መንደር ናት። ከመንደሯ በላይ ያለው ተራራ በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተማሪዎች ይጽፉበት የነበረው ሰሌዳ የሚሠራው ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታ እየሆነ በመጣበት በዚያ ዘመን የሰሌዳ ድንጋይ ተፈላጊነቱ አደገ። በኤልም የድንጋይ ካባ ሥራ በ1868 ተጀመረ፤ ለድሃዋ የተራራ መንደርም ጥሩ የገቢ ምንጭ ሆነላት።

የካባው ሥራ የተራራውን እግር እየሰረሰረ ወደ ውስጥ ገባ። በ13 ዓመታት ውስጥ የተቆፈረው ክፍተት 180 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ወደ ተራራው ውስጥ 60 ሜትር ያህል ይገባ ነበር። ከላይ ያለው ዐለት እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በቂ ምሰሶም አልተተወለትም። ከካባው በላይ፣ በተዳፋቱ ላይ፣ ስንጥቅ ታየ። ስንጥቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ በ1881 ክረምት መገባደጃ በርካታ ሜትር የሚሰፋ ትልቅ ቦይ ሆነ፤ የተዳፋቱ የዝናብ ውሃም ወደዚያ ይገባ ጀመር። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ብዙ ዝናብ ዘነበ። ከካባው ጣሪያ ድንጋይ ይወርድ ስለ ነበር ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ሴፕቴምበር 10 ቀን ባለሥልጣናት ወደ ስፍራው ወጥተው ስንጥቁን መረመሩ። የደረሱበት ውሳኔ አደጋ መኖሩን የሚቀበል፣ ነገር ግን ቅርብ አይደለም የሚል ነበር። መንደሩ እንዲለቀቅ አልታዘዘም።

አደጋው የደረሰው በማግስቱ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1881፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። መጀመሪያ የተናደው የተራራው የምሥራቅ ክፍል ነው። ይህ ናዳ ወደ ቤቶቹ ቢቀርብም በጊዜ የሸሹት ሰዎች ተርፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው የኤልምን ታሪክ ከሌሎች የናዳ ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ አሳዛኝ ያደርገዋል። ሰዎች የወደቀው ወድቆ ያበቃ መሰላቸው። አንዳንዶቹ የጎረቤቶቻቸውን ዕቃና ከብት ለማትረፍ ወደ ስፍራው ሮጡ፤ አንዳንዶቹ ቆመው ተራራውን ይመለከቱ ነበር። ከ17 ደቂቃ በኋላ የምዕራቡ ክፍል ተናደና ለእርዳታ ከሄዱት ጥቂት የማይባሉትን ቀበረ። ከሌላ 4 ደቂቃ በኋላ በሁለቱ ክፍተቶች መካከል ድጋፍ አጥቶ የቀረው ዋናው የተራራ አካል በአንድ ጊዜ ወረደ። በጠቅላላው ወደ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ዐለት ወደቀ፤ 115 ሰዎች ሞቱ፤ 83 ሕንፃዎች ጠፉ።

የናዳው አፈሳሰስ

ከአደጋው በኋላ ሃይም ወደ ኤልም ሄደ። ከኤርንስት ቡስ ከተባለ የግላሩስ ቄስ ጋር ሆኖ የተረፉትን ጠየቀ፤ ፍርስራሹን ለካ፤ ሣለ። ጥናታቸው በዚያው በ1881 ታተመ። ከምስክሮች ቃል ያገኘው ሥዕል በወቅቱ ከሚታሰበው የተለየ ነበር። ዋናው የዐለት ክምር ከካባው ወለል ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ተፈናጥሮ ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ተጉዟል፤ አንዳንድ ሰዎች ከሥሩ ማዶ ያለውን አይተዋል። ሸለቆው ላይ ካረፈ በኋላም አልቆመም። በፊቱ ባለው የዱኒበርግ ተዳፋት ላይ 100 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያም አቅጣጫውን ለውጦ በሸለቆው ወለል ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ገሠገሠ። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ከፍ ባለ ቦታ እንተርፋለን ብለው ወደ ዱኒበርግ ከሸሹት ብዙዎቹ በዚያው ሞቱ።

የፍርስራሹ ዳርቻ በቢላ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነበር። በጥቂት ሜትር ርቀት የቆመ ቤት ሳይነካ ሲቀር፣ አጠገቡ የነበረው ደብዛው ጠፍቷል። ሃይም በፍርስራሹ ውስጥ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ድንጋዮቹ በተራራው ላይ የነበራቸው ቅደም ተከተል በአብዛኛው አልተዘበራረቀም። ከፊት የነበረው ከፊት፣ ከኋላ የነበረው ከኋላ ቀርቷል። እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው እየነጠረና እየተንከባለለ ቢመጣ ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይታይም ነበር። ከዚህ በመነሣት ሃይም፣ ትልቅ ናዳ የድንጋዮች ድምር ሳይሆን እንደ ወራጅ ውሃ በአንድነት የሚፈስ ጅረት ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። ከኋላ ያለው ድንጋይ ከፊቱ ያለውን እየገፋ ጉልበቱን ያስተላልፍለታል፤ ስለዚህ የኋለኛው ሲቆም የፊተኛው ሩቅ ይሄዳል።

ይህን ለመለካት ሃይም ቀላል መለኪያ ተጠቀመ። ናዳው ከተላቀቀበት ከፍተኛ ነጥብ እስከ ቆመበት የመጨረሻ ጫፍ ቀጥታ መስመር ቢዘረጋ፣ ያ መስመር ከአግድሙ ጋር የሚሠራው ማዕዘን የናዳውን ተጓዥነት ያሳያል። ተሰባብሮ የተከመረ ደረቅ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ይቆማል። ናዳ የሚገታው በዚህ ተራ ሰበቃ ብቻ ቢሆን፣ 600 ሜትር ያህል የወረደው የኤልም ዐለት በአግድም ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ መሄድ አልነበረበትም። እርሱ ግን 2 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ የመስመሩ ማዕዘንም 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃይም ሌሎች ናዳዎችንም በዚህ መንገድ ሲያነጻጽር ናዳው በገዘፈ መጠን ማዕዘኑ እንደሚያንስ፣ ማለትም ትልቅ ናዳ ከትንሽ ናዳ ይልቅ ከቁመቱ አንጻር ሩቅ እንደሚሄድ ተገነዘበ።

የዚህ ግኝት ትርጉም ለመንደር ነዋሪ ግልጽ ነው። በየዓመቱ ከገደል የሚወርዱ ነጠላ ድንጋዮች የሚቆሙበት ቦታ የደኅንነት ወሰን አይደለም። ትናንሽ ድንጋዮችን ለዘመናት ያየ ሰው ከልምዱ ተነሥቶ የትልቁን ናዳ መድረሻ ሊገምት አይችልም፤ ሁለቱ የሚጓዙበት ሕግ አንድ አይደለምና።

በገዛ ሐሳብ ላይ መፍረድ

ከኤልም ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ቺንግልሆርን ከተባሉት ሹል ተራሮች ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተዘርግቶ ይታያል። ከመስመሩ በላይ ያለው ዐለት ከበታቹ ካለው በዕድሜ ይበልጣል። አሮጌ ዐለት በአዲሱ ላይ እንዴት ሊቀመጥ ቻለ የሚለው ጥያቄ የዘመኑን ሊቃውንት አከራክሯል። ኤሸርና ከእርሱ በኋላ ሃይም፣ ሁለት ግዙፍ እጥፋቶች ከሰሜንና ከደቡብ ወደ አንድ ስፍራ ተገናኝተው የፈጠሩት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1884 ፈረንሳዊው ማርሴል ቤርትራን ግን፣ ግላሩስን ራሱ ሳይመረምር፣ የሃይምን ዝርዝር ጽሑፎች አንብቦ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ አስተያየት አንድ ሰፊ የዐለት ሽፋን ከደቡብ ተገፍቶ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት በአዲሱ ዐለት ላይ ተንሸራትቷል።

ሃይም ለረጅም ጊዜ በቀድሞ ሐሳቡ ጸና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ማስረጃው ወደ ቤርትራን ማድላቱን ተቀብሎ ይህንኑ በይፋ ጻፈ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆነውና በመላው አውሮፓ ለከበረ ሊቅ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ቤርትራን ለመደምደሚያው የበቃው ሃይም በታማኝነት በመዘገባቸው ምልከታዎች በመሆኑ፣ ትርጓሜው ቢለወጥም የሃይም የመስክ ሥራ ዋጋ አላጣም። ይህ የሐሳብ መስተካከል ከናዳ ጥናቱም ጋር ይገናኛል። በኤልም ስንጥቁን አይተው አደጋው ሩቅ ነው ካሉት ሰዎች የጎደለው ምልከታ አልነበረም፤ የታየው ነገር ሲለወጥ ቀድሞ የተያዘውን ግምት አብሮ የመለወጥ ልማድ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታትና የ1932ቱ መጽሐፍ

ሃይም በ1904 ከለንደን የሥነ ምድር ማኅበር የዎላስተን ሜዳሊያን ተቀበለ። በ1911 ከማስተማር ሥራው ተሰናበተ፤ በ1916 ባለቤቱ ማሪ ሞተች። በእነዚህና በተከተሉት ዓመታት የስዊዘርላንድን ሥነ ምድር የሚያጠቃልል ባለ ብዙ ክፍል ሥራ አሳተመ። ሆኖም ናዳን አልተወም።

በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከሊንታል መንደር በላይ ያለው ኪልኸንሽቶክ የተባለ ተዳፋት መንቀሳቀስ ጀመረ። ሊንታል የምትገኘው ኤልም ባለችበት በግላሩስ ካንቶን ነው። በዚህ ጊዜ ግን ተራራው በዐይን ብቻ አልታየም፤ የተመረጡ ነጥቦች እየተለኩ የእንቅስቃሴው ፍጥነት ይመዘገብ ነበር። ከሰማንያ ዓመት ዕድሜ በላይ የነበረው ሃይም በምክሩ ተሳተፈ። እንቅስቃሴው በበረታ ጊዜ ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። የተፈራው ታላቅ ናዳ ግን አልወረደም፤ ተራራው ቀስ በቀስ ዝግ አለ፤ ሰዎቹም ተመለሱ።

ኪልኸንሽቶክ የኤልም ተቃራኒ ነው። በአንዱ ስፍራ ማስጠንቀቂያው ስለ ዘገየ ሰዎች ሞቱ፤ በሌላው ማስጠንቀቂያው ተሰጥቶ የተጠበቀው ሳይደርስ ቀረ። ለቤቱና ለእርሻው ለሚሳሳ ነዋሪ ሁለተኛውም ኪሳራ አለው፤ በባለሙያዎች ላይ ያለውን እምነትም ሊሸረሽር ይችላል። ሃይም በ1932፣ በ83 ዓመቱ፣ ባሳተመውና ርእሱ የተራራ ናዳንና የሰውን ሕይወት በሚያጣምረው መጽሐፍ ይህን ጭንቀት በቀጥታ አነሣ። በመጽሐፉ የናዳ ዓይነቶችን በየመልካቸው ለየ፤ መነሻቸውን፣ ጉዟቸውንና መቆሚያቸውን ዘረዘረ፤ ምልክቶቹ እንዴት እንደሚታዩና ሕዝብ እንዴት እንደሚጠነቀቅ አስረዳ። የናዳን ሰዓት አስቀድሞ በትክክል መናገር እንደማይቻል እያወቀ፣ የእንቅስቃሴው መፋጠን ግን ሊለካ እንደሚችልና ውሳኔውም በዚያ ላይ መመሥረት እንዳለበት አሳየ።

አልበርት ሃይም ኦገስት 31 ቀን 1937 በ88 ዓመቱ በዙሪክ አረፈ።

ከሃይም በኋላ

የሃይም ሥራ በጀርመንኛ የተጻፈ በመሆኑ ከጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ውጭ ለረጅም ጊዜ ብዙ አንባቢ አላገኘም። በ1973 አድሪያን ሻይዴገር የብዙ ናዳዎችን መጠንና የጉዞ ማዕዘን በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሮ የሃይምን ግንዛቤ በቁጥር አጸና። በ1975 ደግሞ በዙሪክ ያስተምር የነበረው ኬኔት ሹ የኤልምን ጥናት እንደገና አንሥቶ፣ የናዳውን ጅረት በጀርመንኛ ስሙ ስቱርትስሽትሮም ብሎ ለዓለም አስተዋወቀ። የ1932ቱ መጽሐፍ በ1989 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ትልቅ ናዳ ያን ያህል ርቀት የሚሄደው በትክክል በምን ምክንያት ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ቀጥሏል። አንዳንዶች ከሥሩ የታመቀ አየርን፣ ሌሎች ውሃን፣ ሌሎች ደግሞ ተፈጭቶ የደቀቀውን ድንጋይ ምክንያት ያደርጋሉ። ክርክሩ የሚጀምረው ግን ሁልጊዜም ሃይም ከለካው ማዕዘን ነው።

በተግባር ረገድ ትምህርቱ ፍሬ ያፈራበትን ምሳሌ የራሱ አገር በቅርቡ አሳይታለች። በግራውቡንደን ካንቶን የምትገኘው የብሪየንስ መንደር ነዋሪዎች በሜይ 2023 ቤታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ፤ ምክንያቱም ከመንደሯ በላይ ያለው ዐለት እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲለካ እየፈጠነ መሄዱ ታወቀ። በጁን አጋማሽ ሌሊት ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ዐለት ወርዶ ከመንደሯ ጫፍ ላይ ቆመ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አደጋ ከኤልም ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። በገዜ ጎፋ የወረደው በዝናብ የራሰ አፈር እንጂ ዐለት ስላልነበረ የሁለቱ አወራረድ አንድ አይደለም። ነገር ግን በዚያም የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። የመጀመሪያው ናዳ ከላይ ያለውን ተዳፋት ድጋፍ ስለሚያሳጣው ሁለተኛውን ሊጠራ መቻሉ፣ በኤልምም በጎፋም የታየ እውነት ነው። ሰው ለሰው መድረስ ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የሚመሰገን ባሕርይ በመሆኑ፣ የሚያድነው ትእዛዝ በዚያ ቅጽበት ሊፈለግ አይችልም፤ አስቀድሞ የታወቀና የተለመደ መሆን አለበት። ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ወደ ናዳው መግባት አደጋውን ማብዛት ነው።

መደምደሚያ

የአልበርት ሃይም ሕይወት ስለ ድንጋይ መውደቅ የሚያስተምረው በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ዐለት የሚላቀቀው ለረጅም ጊዜ የተከማቹ ምክንያቶች፣ ማለትም ስንጥቅ፣ ውሃና የተቆረጠ የተዳፋት እግር፣ በአንድነት ሲሠሩ ነው፤ የመጨረሻው ዝናብ የነገሩ ማብቂያ እንጂ መነሻ አይደለም። ሁለተኛ፣ የትልቅ ናዳ መድረሻ በትንሹ ናዳ አይለካም። ሦስተኛ፣ ስንጥቁ የቱን ያህል ሰፋ ከሚለው ይልቅ በየቀኑ የቱን ያህል እየሰፋ ሄደ የሚለው ጥያቄ ሕይወትን ያድናል። በኤልም ስንጥቁን ያላየ ሰው አልነበረም፤ እየፈጠነ መሄዱን በልኬት የተከታተለ ግን አልተገኘም። ተዳፋት በሚበዛበት፣ ከገደል ሥር ድንጋይ በሚፈለጥበትና መንገድ በተራራ ወገብ በሚቆረጥበት አገር ሁሉ፣ አንድ ችካልና አንድ ሜትር ይዞ ያንን መከታተል ከባድ መሣሪያ እስኪመጣ ድረስ የማይጠብቅ ሥራ ነው።